የስደተኞች አዋጅ 1110/2011 ምን ለወጠ? ውጤቱስ እንዴት ይለካል?

አዝመራ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የኢትዮጵያ የስደተኞች ፖሊሲ በረጅም ጊዜ ምን እንዳፈራ የሚገመግም ጽሑፍ እየሠራሁ ነው። መነሻዬ መንግሥት መስከረም 10 ቀን 2009 ዓ.ም. ኒውዮርክ ላይ የገባቸው ዘጠኝ ቃሎች ናቸው። ቀጥሎ አዋጅ 1110/2011 አለ፣ ከዚያ ወዲህ ያሉት ዓመታትም አሉ።

ያሰብኩት፣ ቃል የተገባውን በአንድ ዓምድ፣ የተፈጸመውን በሌላው አስቀምጬ ማመሳከር ነው። ከስደተኛው 10 በመቶው ከካምፕ ውጭ እንዲኖር፤ ስደተኛና ነዋሪ ተደምሮ ለ100 ሺህ ሰው በመስኖ የሚለማ መሬት፤ በኢንዱስትሪ ፓርኮች 100 ሺህ የሥራ ቦታ፣ ከዚያ ውስጥ 30 በመቶው ለስደተኛ፤ 20 ዓመትና ከዚያ በላይ የኖሩት ከአካባቢው ማኅበረሰብ ጋር እንዲቀላቀሉ፤ ወዘተ።

ይኼ አካሄድ ያዋጣል? ለማነጻጸሪያ የሚሆን መረጃ የት ይገኛል? ደግሞስ ከአዋጁ ወዲህ ያለው ጊዜ «ረጅም» ለመባል ይበቃል?

ነጋሪት

ሰላም አዝመራ። ሁለቱ ዓምዶች የሚነግሩዎት ቃል መጠበቁን ነው። የሰው ኑሮ መለወጡን ግን አይነግሩዎትም። ሁለቱን ጥያቄዎች ከመጀመሪያው ገጽ ይለያዩዋቸው፣ አለዚያ መጨረሻ ላይ ይደበላለቁብዎታል።

ከሕጉ እንነሳ። ምክር ቤቱ አዋጁን ያጸደቀው ጥር 9 ቀን 2011 ነው፤ የ1996ቱን አዋጅ 409 ተካ። ብዙ ሰው «ለስደተኛ የመሥራት መብት ሰጠ» ብሎ ያልፈዋል። አንቀጽ 26ን ረጋ ብለው ያንብቡት። ስደተኛው የሚያገኘው በሕግ ለውጭ ዜጎች ከሚሰጠው ሁሉ የተሻለውን አያያዝ ነው። በአገራችን ደግሞ የውጭ ዜጋ የሥራ ፈቃድ የሚያገኘው በመሠረቱ ለቦታው የሚሆን ኢትዮጵያዊ ሲጠፋ ነው። ስለዚህ ግንበኛው ስደተኛ የሚለካው ከውጭ በመጣ መሐንዲስ መስፈሪያ ይሆናል። ከዚህ የሚወጣው በዓለም አቀፍ ድጋፍ ስደተኛና ኢትዮጵያዊ አብረው የሚጠቀሙባቸው የጋራ ፕሮጀክቶች ውስጥ የገባ ሰው ነው፤ እዚያ እንደ ዜጋ ይታያል። እንግዲህ «ሠራተኛ ስደተኛ» የሚል አንድ ቁጥር ከያዙ ምንም አልያዙም። በጋራ ፕሮጀክት ያለው፣ ፈቃድ ይዞ የተቀጠረው፣ በራሱ የሚነግደው፣ ያለ ወረቀት የቀን ሥራ የሚሠራው ለየብቻ ይቆጠሩ። አራተኛው ወገን በመንግሥት ሪፖርት ውስጥ ጭራሹን የለም።

የመንቀሳቀስ መብትም እንዲሁ ነው። አንቀጽ 28 ይሰጣል፤ እዚያው አንቀጽ ውስጥ ግን ስደተኞች የሚኖሩበትን ቦታ መወሰን ለስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ተትቷል። መሬት ላይ የሚያሠራው የይለፍ ወረቀቱ ነው፦ ማን ሰጠው፣ ለስንት ቀን፣ ለምን ጉዳይ።

ከካምፕ ውጭ የመኖሩ ፈቃድ ላይ ደግሞ ይጠንቀቁ፤ ብዙ ጽሑፍ እዚህ ጋ ይሳሳታል። ራሱን የሚችል ወይም የሚረዳው ዘመድ ያለው፣ የወንጀል ሪከርድ የሌለበት ኤርትራዊ ከካምፕ ወጥቶ እንዲኖር የተፈቀደው በ2002 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ያዩትን ኤርትራዊ ነጋዴ የ2011ዱ አዋጅ ፍሬ ብለው ቢጽፉት ዘጠኝ ዓመት ስተዋል።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ መብት አራት ቀን ይመዝግቡ፦ የታወጀበት፣ በሕግ የጸደቀበት፣ ማስፈጸሚያ መመሪያው የወጣበት፣ በዚያ ቦታ የመጀመሪያው ሰው ወረቀቱን የተቀበለበት። ወሳኝ ኩነት ምዝገባን ይውሰዱ። ቃሉ መስከረም 2009፣ ሕጉ የተሻሻለው በዚያው ዓመት በአዋጅ 1049፣ ምዝገባው የተጀመረው ጥቅምት 17 ቀን 2010። ከቃል እስከ ልደት ምስክር ወረቀት ዓመት ከአንድ ወር ገደማ ፈጀ። መሬቱና የፓርክ ሥራው ለምን እንዲህ አልሆኑም? ለሕፃን የልደት ወረቀት መስጠት ከማንም እጅ የሚወስደው ነገር የለም። መሬት ግን የሚተዳደረው በክልል ነው፤ ፌዴራል መንግሥት ኒውዮርክ ላይ ቃል ሲገባ ቀበሌውና ማሳው ላይ ያለው ገበሬ አልተጠየቀም።

ናሙና

ነጋሪት ሕጉን ስላብራራው መረጃው ላይ ልሂድ። የሚያስኬዱ ሁለት ጥናቶች አሉ፤ የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2017 ያስጠናው የስደተኞች የሙያ ጥናትና እ.ኤ.አ. የ2023ቱ የስደተኞች ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናት። ሁለቱም በካምፑ ዙሪያ ያለውን ነዋሪ አብረው ጠይቀዋል። ጥሬ መረጃው ከባንኩ የማይክሮዳታ ቋት ይወርዳል። የመጀመሪያው ከአዋጁ በፊት፣ ሁለተኛው ከአዋጁ በኋላ ስለሆነ ሰው ሁሉ አንዱን ከሌላው ቀንሶ «ለውጥ» ይላል።

እንዲህ አይቀነስም። ሁለተኛው ዙር ላይ የተጠየቁት ሰዎች ሌሎች ናቸው፤ ያው ሰው ተከታትሎ አልተጠየቀም። የ2023ቱ አዲስ አበባን ጨምሯል፣ የቀደመው ካምፕና የካምፕ ዙሪያ ነው። መጀመሪያ በሁለቱም ውስጥ ያሉትን አካባቢዎች ብቻ ያስቀሩ። ከዚያ በዕድሜ፣ በጾታ፣ በመጣበት አገርና በመጣበት ዓመት ክብደት እየሰጡ ያመጣጥኑ። የመጣበት ዓመት ዋናው ነው። በ1984 ቀብሪበያህ የገባና በ2009 ጋምቤላ የገባ ሰው በአንድ አማካይ ውስጥ ተጨፍልቀው ከገቡ አማካዩ ስለማንም አይናገርም።

ሌላው ወጥመድ የሄደው ሰው ነው። ምሳሌ ልስጥ፣ ቁጥሩ ለማስረዳት የተቀመጠ ነው። በአንድ ዓመት 100 ሰው ገባ እንበል። ከጥቂት ዓመት በኋላ 40ው ካምፑን ለቀቀ፤ ግማሹ ከተማ፣ ግማሹ ድንበር አቋርጦ። ከቀሩት 60 ውስጥ የሚሠሩት 15 ናቸው፣ ጥናቱ 25 በመቶ ይላል። ከሄዱት 40 ውስጥ 30ው የሚሠሩ ከሆነ ግን ከዚያ ዓመት ገቢዎች 45 በመቶው ሠራተኛ ነው። ፖሊሲው እንዲወጡ ከፈቀደ የተሳካላቸው ቀድመው ይወጣሉ፣ ካምፑም ከቀን ወደ ቀን የከፋ ይመስላል። ሦስተኛ አገር የሚሰፍሩትም እንደዚሁ በዘፈቀደ የተመረጡ አይደሉም።

የስደተኛው ቁጥር ራሱ ሲወርድ አይደንግጡ። የማጣራት ምዝገባ በተካሄደ ቁጥር ያልቀረበ ሰው ስም ከዝርዝር ይወጣል። ሰዉ የሄደው ከዓመታት በፊት ሊሆን ይችላል፤ መዝገቡ የሚያሳየው የተሰረዘበትን ወር ነው።

የጥያቄውን አነጋገር ከመጠይቁ ላይ ይመልከቱ። «ሥራ አለዎት?» ሲባል ገበያ ዳር ሻይ የምታፈላ ሴት «የለኝም» ትላለች። «ባለፉት 7 ቀናት ለደመወዝ፣ ለትርፍ ወይም ለቤተሰብ ጥቅም ቢያንስ 1 ሰዓት ሠርተዋል?» ስትባል «አዎ» ነው መልሷ። ሁለቱ ዙሮች ላይ ጥያቄው አንድ ቃል ቢለይ እንኳ ልዩነቱ የፖሊሲ ውጤት ሆኖ ብቅ ይላል። በካምፕ ውስጥ በድርጅቶች ሥር በኢንሴንቲቭ (በደመወዝ ፈንታ በሚሰጥ አነስተኛ አበል) የሚሠሩትን አስተማሪዎችና የጤና ረዳቶችም ለየብቻ ያውጧቸው፤ የሚከፈላቸው ያንኑ ሥራ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ከሚያገኘው በእጅጉ ያነሰ ነው። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ «ሥራቸውም» አብሮ ይዘጋል።

ገንዘቡን በዶላር ቀይረው እንዳያወዳድሩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። በወር 3,000 ብር የሚያገኝ ሰው በሰኔ 52 ዶላር ገደማ ነበረው፣ በመስከረም 30 ዶላር አይሞላም፤ የካምፑ ገበያ ላይ ግን ማሽላው በዚያ ልክ አልዘለለም። በብር ይያዙና በዚያው ገበያ በማሽላ፣ በዘይት፣ በስኳርና በከሰል ዋጋ ያካፍሉ። ራሽኑንም በግዢ ዋጋ አይተምኑት፤ ሰው ራሽኑን ሲሸጥ በሚያገኘው ዋጋ ይተምኑ።

ራስዎ ጥናት የሚያካሂዱ ከሆነ፦ የሥራ ምጣኔ ከ20 ወደ 30 በመቶ መድረሱን በተለመደው 95 በመቶ እርግጠኝነትና 80 በመቶ የመለየት አቅም ለማየት በእያንዳንዱ ወገን ወደ 290 ሰው ያስፈልጋል። ያ በተራ ዕጣ ሲመረጥ ነው። ካምፕ ውስጥ በብሎክ ስለሚመረጥ ጎረቤታሞች ይመሳሰላሉ፣ በ2 ያባዙት፤ 580። ለወንድና ለሴት ለየብቻ መናገር ከፈለጉ ደግሞ ያንን እጥፍ።

ባሮ_ማዶ

ናሙና ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ ግን ነገሩን ከካምፑ አጥር ውስጥ ብቻ እያያችሁት ነው።

ጋምቤላን ውሰዱ። በ1999ኙ ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 307 ሺህ ገደማ ነበር፤ ከደቡብ ሱዳን የገባው ስደተኛ ከ300 ሺህ በላይ ነው። «በአገር ደረጃ ስደተኛው ከሕዝቡ አንድ በመቶ አይሞላም» የሚል ዓረፍተ ነገር እውነት ነው፣ ኢታንግ ላይ ግን ፋይዳ የለውም። በዚያ ላይ የሕዝብ ቁጥር ሚዛን በክልሉ የሥልጣን ክፍፍል ላይ የሚነካ ነገር ነው። ለስደተኛ የመኖሪያ ፈቃድ መስጠት አዲስ አበባ ላይ የቢሮ ሥራ ሲሆን ጋምቤላ ላይ ፖለቲካ የሚሆነው በዚህ ነው። አንድ አዋጅ በሁሉም ክልል እኩል ተፈጽሟል ብሎ የሚነሳ ግምገማ ከመነሻው ስቷል።

ነዋሪው ላይ ያለውን ውጤት ለማወቅ «ደስተኛ ናችሁ ወይ» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። የማገዶ እንጨት ለማምጣት ደርሶ መልስ ስንት ሰዓት? የቀን ሠራተኛ ስንት ይከፈለዋል? በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ? የወፍጮ ዋጋ? ጤና ጣቢያው መድኃኒት የሚያልቅበት በወሩ ስንተኛው ሳምንት ነው? እነዚህን ከካምፑ በ5፣ በ15 እና በ40 ኪሎ ሜትር ርቀት ካሉ ቀበሌዎች ይሰብስቡ። ጫናውም ጥቅሙም ከርቀት ጋር ይቀንሳል፤ ማን እንደተጎዳና ማን እንዳተረፈ የሚለየው ያ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያተርፈው ሱቅና መኪና ያለው ነው፤ የሚጎዳው ጉልበቱን የሚሸጠው።

ሶማሌ ክልል ያለው ዶሎ አዶ ሁሉም የሚጠቅሰው የስኬት ምሳሌ ነው። አምስት ካምፖች፣ ቦቆልማዮ፣ መልካዲዳ፣ ቆቤ፣ ሂለወይንና ቡራሚኖ። ገናሌ ወንዝ ዳር ስደተኛና ነዋሪ በአንድ ማኅበር የሚያርሱት መስኖ አለ። ግን ገንዘቡ የአይኬያ ፋውንዴሽን ነው፣ የጀመረውም እ.ኤ.አ. በ2012፤ ከዘጠኙ ቃሎች አራት ዓመት ቀድሞ። ነጋሪት ስለ ኤርትራውያኑ ያለው እዚህም ይሠራል። እዚያ ከሄዱ የሄክታሩን ብዛት ይተዉትና ፓምፑ ዛሬ ይሠራ እንደሆነ፣ ነዳጁንና መለዋወጫውን የሚከፍለው ማኅበሩ ይሁን ወይስ ለጋሹ ይጠይቁ። የረጅም ጊዜ ውጤት እዚያ ጋ ነው ያለው።

የፓርኩ ሥራ ነገር በአጭሩ፦ የዓለም ባንክ ሰኔ 2010 202 ሚሊዮን ዶላር አጽድቆለት ነበር፣ ለ30 ሺህ ስደተኞች የሥራ ፈቃድ ታስቦ። በዚያን ወቅት በልብስ ፋብሪካዎቻችን መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር አካባቢ ነበር። ከዚያ ላይ የቤት ኪራይና ትራንስፖርት ሲቀነስ፣ ካምፑን ለቆ ራሽንና ነፃ ሕክምናን የሚተው ማን ነው? ኢትዮጵያውያኑ ሠራተኞች እንኳ በወራት ውስጥ እየለቀቁ ነበር። በታኅሣሥ 2014 መጨረሻ የአጎዋ ዕድል (ወደ አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የመላክ ዕድል) ሲነሳ ነገሩ የባሰ ጠበበ። ስለዚህ የዚህን ውድቀት ሁሉ በትግራይ ጦርነት ላይ መጫን አይገባም፤ ሒሳቡ ቀድሞም አልሞላም።

አዝመራ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ዓምዶቹን ሰርዣለሁ። አንድ ነገር ግን ከበደኝ። ጦርነቱን እንዴት ልለየው? ትግራይ የነበሩትን አራት ካምፖች ከግምገማው ባወጣቸው ይሻላል?

ባሮ_ማዶ

አያውጡ። ሽመልባና ህጻጽ ከጥቅምት 2013 ወዲህ ባሉት ወራት ወድመዋል፤ ወደ 20 ሺህ የሚጠጋ ስደተኛ ነበረባቸው። ማይ ዓይኒና ዓዲ ሓሩሽ የነበሩት ዳባት አጠገብ ወዳለው አለምዋጭ ተዛወሩ። እነዚህን ካወጡ የሚቀርዎት የተረፈው ብቻ ነው፤ ውጤቱ አምሮ ይወጣል። ጥበቃ ማለት የፖሊሲው አንደኛ ግብ ነው። ምዕራብ ጎንደር አውላላ ላይ የነበሩ ሱዳናውያን በ2016 ጥቃቱ ሲበዛባቸው ካምፑን ጥለው መንገድ ዳር የተቀመጡት የሥራ ፈቃድ አጥተው አይደለም።

የሚሠራው ይኼ ነው፦ ሁለት ሒሳብ ያውጡ። አንደኛው ሁሉንም ጨምሮ፣ «ስደተኛው ምን ደረሰበት» የሚለውን የሚመልስ። ሁለተኛው ጦርነት ባልነካቸው ካምፖች ብቻ፣ «ሕጉ ምን ሠራ» የሚለውን የሚመልስ። ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን ያትሙ። ሁለተኛው ከአንደኛው ከተሻለ አንባቢው ምክንያቱን ያያል።

በተጨማሪ ከጥናቱ ወራት ጎን የራሽን ሰሌዳ ይዘርጉ። ከሰኔ 2015 እስከ መስከረም 2016 መጨረሻ የምግብ ዕርዳታው ተቋርጦ ነበር። በእነዚያ ወራት የተሰበሰበ የፍጆታ መረጃ ስለ አዋጁ የሚናገረው የለም። በተቃራኒው የሥራ ቁጥሩ በረሃብ ምክንያት ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል፤ ሰው ያገኘውን ይሠራል። «ሥራ ጨመረ» ብለው ደስ እንዳይልዎት።

ራይን

ስለ ጊዜው ርዝመት ልመልስ፣ የሌሎች አገሮች ልምድ እዚህ ይጠቅማል።

ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2015 የገቡትን በናሙና እየተከተለች ትጠይቃለች። ከገቡ በ9 ዓመታቸው 64 በመቶው ይሠሩ ነበር፤ ወንዶች 76፣ ሴቶች ግን 35 በመቶ። በዚያው ዘመን ከገቡት ውስጥ በአምስተኛው ዓመት የሚሠራው ግማሽ አካባቢ ነበር። አምስት ላይ ያቆመ ገምጋሚ አንድ ታሪክ ይጽፋል፣ ዘጠኝ ላይ ያየ ሌላ። አማካዩን ብቻ ያየ ደግሞ የሴቶቹን ነገር ጨርሶ አያየውም።

ከዚህ የበለጠ የሚያስተምረው ግን ሌላ ጥናት ነው። ከቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ እ.ኤ.አ. በ1999 እና በ2000 ጀርመን የገቡ ስደተኞች በሕግ መለወጥ ምክንያት የሥራ ክልከላቸው ርዝመት ይለያይ ነበር፤ የቀደሙት በአማካይ 7 ወር ይበልጥ ጠብቀዋል። ከአምስት ዓመት በኋላ በሥራ ምጣኔ 20 የመቶኛ ነጥብ ያህል ዝቅ ብለው ተገኙ። ሁለቱም በሕግ እኩል መብት ባላቸው ጊዜ ማለት ነው። ስዊዘርላንድ ላይም የጥገኝነት ውሳኔ አንድ ዓመት ሲዘገይ የኋላ የሥራ ዕድል በ4 እስከ 5 ነጥብ ይቀንሳል ተብሎ ተለክቷል። ዴንማርክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 ለአዲስ ስደተኞች የሚሰጠውን ድጎማ በብዙ ቆርጣ ሥራ የሚይዘው ሰው ቁጥር ቶሎ ከፍ አለ፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ግን ከሰመ።

ወደ እኛ ስንመልሰው፦ በ2011 መብት ያገኘ ሰው ከዚያ በፊት 15 ዓመት ካምፕ ውስጥ ሥራ ተከልክሎ ከተቀመጠ የምትለኩት አዋጁን ብቻ አይደለም፤ የቀደመውን ክልከላ ጠባሳም ነው። ከአዋጁ በኋላ የገቡትን ለብቻ አውጡና እዩ።

ናሙና

ራይን ያመጣው ጥሩ ነው፤ ግን የጀርመንን ዘዴ እንዳለ ማምጣት አይቻልም። እዚያ የማኅበራዊ ዋስትና መዝገብ አለ፣ ሰውየው የትም ከተማ ቢሄድ ቁጥሩ ይከተለዋል። እኛ ጋ የስደተኛው መዝገብ፣ የሥራ ፈቃዱ፣ የባንክ ደብተሩና የትምህርት ቤቱ መዝገብ አይተዋወቁም። አንዱ ጋ ስሙ በትግርኛ አጻጻፍ፣ አንዱ ጋ በእንግሊዝኛ ፊደል ተገልብጦ፣ የልደት ቀኑ ለሁሉም ጃንዋሪ 1። በስም አመሳክሬ ላያይዝ ካሉ ብዙውን ያጣሉ፣ የሚያጡትም በዘፈቀደ አይደለም። ፋይዳ ቁጥር ለስደተኞችም መሰጠት መጀመሩ ይኼን ሊያቃልል ይችላል፣ ከእንግዲህ ለሚመጣው። ለኋላው ያለን የመጣበት ዓመት ቡድን ነው።

ከአዋጁ በኋላ የገቡትን ማየት በሚለው ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ። ኤርትራውያንን በጅምላ፣ የእያንዳንዱን ጉዳይ ሳይመረምሩ፣ መቀበል በጥር 2012 ቆሟል። ከዚያ በኋላ ተመዝግቦ የምታገኙት ኤርትራዊ ከቀደሙት ጋር አንድ ዓይነት ሰው አይደለም፤ ማጣሪያውን ያለፈ ነው። ያልተመዘገበው ደግሞ በናሙናችሁ ውስጥ የለም። ለዚህ ንጽጽር የሶማሌና የደቡብ ሱዳን ስደተኞች ይሻላሉ።

ነጋሪት

የቀን አቆጣጠሩን ሳይረሱ። የመንግሥት ሪፖርት ከሐምሌ እስከ ሰኔ ነው፣ የተባበሩት መንግሥታት ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር። «2012» የሚል ዓምድ ውስጥ የሁለቱን ቁጥር አጠገብ ለአጠገብ ያስቀመጠ ሰንጠረዥ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያቃርናል፤ ያ ቢታረምም የስድስት ወር መዛነፍ ይቀራል። ሩብ ዓመት ሩብ ዓመት አድርገው ይሰብስቡ።

የሥራ ፈቃድ ቁጥር ሲጠይቁ በደብዳቤዎ ላይ «እስካሁን የተሰጠ» ብለው አይጻፉ፤ የታደሰው እንደ አዲስ ተደምሮ ይመጣልዎታል። «በዚህ ቀን የጸና ፈቃድ ያላቸው ስንት ሰዎች ናቸው፣ ከእነዚህ ውስጥ በጋራ ፕሮጀክት የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸውስ» ብለው ይጠይቁ። በጾታና በክልል ተለይቶ እንዲሰጥዎትም ያክሉበት፣ ካልተጠየቀ አይለይም።